የግራ ጉንጬ ጉዳይ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017

ዛሬ ክላርኔቴን ስነፋ መንፊያው ላይ የሚታሰረው ሸምበቆ ላይ ደም አየሁ። ሸምበቆው አዲስ ነው፤ አዲስ ሸምበቆ ደግሞ ከንፈር ይቆርጣል። ከንፈሬን በመስታወት አየሁት፣ አልተቆረጠም። ከየትም ይምጣ፣ ጠብታ ናት።

ዐብዲገኒ ከመጋላ ድረስ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ መጥቶ ነበር። ልጁ ፋርሒያ የምታገባው ሚያዝያ 19 ነው። በኢድ ሰሞን ሊደግሱ አስበው ነበር፤ እኔ በሁዳዴ ሠርግ ላይ አልነፋም ስላልኩ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ገፋው። የሙሽራው ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ለምን ብለው ጠይቀውታል፤ ሁለት ጊዜም «ክላርኔቱ ጾም ላይ ነው» ብሎ መልሶላቸዋል። ባቡር ላይ አብረን ስንሠራ፣ ልጅቷ ገና ሳትወለድ በሠርጓ ልነፋላት የገባሁት ቃል ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይከዳም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

የላይኛው የፊት ጥርሴ ይነቃነቃል። በግራ በኩል ያለው። በምላሴ ስገፋው ይሄዳል፣ ስተወው ይመለሳል። ስገፋው ስተወው ዋልኩ። ክላርኔት ሲነፋ መሣሪያው የሚደገፈው በዚሁ ጥርስ ላይ ነው። በአንድ ሌሊት ሊወልቅ አይችልም። ይችላል እንዴ?

ባለቤቴ የኔነሽ ትራሷን ወደ አልጋው ዳር አራቀች። «ምነው?» ስላት «ሙቀቱ» አለች። እውነቷን ነው፣ የድሬ ሙቀት ዘንድሮ ቀድሞ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ግን ለእህቷ በስልክ «ወደኔ ሲዞር ትንፋሼን ነው የምይዘው» ስትል ሰማኋት። ስለ ማን እንደምታወራ አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተር ኑሀሚን ትባላለች፤ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። ቀጭን መለኪያ በድዴና በጥርሴ መካከል እየሰደደች ለረዳቷ ቁጥር ትጠራለች፦ «ሦስት። አምስት። ሰባት። ሰባት።» እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባቡር መግቢያና መውጫ ሰዓት የመዘገብኩ ሰው ነኝ፤ ቁጥር ሲጨምር ደስ ይለኛል። ሰባት ግን ጥልቀት ነው አለችኝ፤ ድዱ ከጥርሱ የሸሸበት ጥልቀት።

«ከባክቴሪያ ነው?» አልኳት።

«ከባክቴሪያ ይጀምራል፣ ጋሽ ሣህሉ። ጥርስ ሥር የሚኖሩት ክፉዎቹ ላያቸው ላይ ስብ ያለበት ሞለኪውል ለብሰዋል። ሰውነትዎ ያንን ስብ ሲያይ ጠላት ገባ ብሎ ወታደር ይጠራል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል።»

«ደግ አደረገ።»

«ደግ ነበር፤ ችግሩ ጠላቱ ሲቀንስም ወደ ሁርሶ ጦር ሰፈር ተመለሱ የሚላቸው ይጠፋል። ወታደሩ እዚያው ሰፍሮ ቀለቡን ከአገሬው ይበላል። ሥጋውን፣ አጥንቱን። ጥርስዎን የሚያነቃንቀው በአብዛኛው የራስዎ ሠራዊት ነው። ባክቴሪያዎቹም ከተቆጣው ድድ የሚንጠባጠበውን እየተመገቡ ይደልባሉ።»

«ታዲያ ማነው ተመለሱ የሚለው?»

እዚህ ላይ ፊቷ በራ። የሚመልሰውም ስብ ነው አለች። ሰውነታችን ከዓሣ ዘይት የሚሠራቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎች አሉ፤ ሥራቸው ጦርነቱ አልቋል፣ ቆሻሻውን ጥረጉና ግቡ ማለት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ይህንኑ ነው። የአርባ ሰው ድድ ታጸዳለች፤ ከዚያ ግማሹ ለስምንት ሳምንት የዓሣ ዘይት እንክብል ይውጣል፣ ግማሹ የሰሊጥ ዘይት። ማን የቱን እንደሚውጥ እሷም አታውቅም፣ ሰውየውም አያውቅም። ሠላሳ ዘጠኝ አግኝታለች። አርባኛው እኔ ሆንኩ።

መጠይቅ ሞላን። «ሲጋራ?» የለም። «ስኳር?» በሻይ አንድ ማንኪያ። «ጫት?»

«ድሮ ነበር» አልኳት። «ትቼዋለሁ።»

ኪሴ ውስጥ ያለው ፌስታል ተንኮሻኮሸ። ድሮ ማለት እንግዲህ ያለፈ ጊዜ ነው፤ ትናንትም አልፏል።

እሑድ፣ የካቲት 16

ነገ ሁዳዴ ይገባል። የኔነሽ «ዓሣ በጾም አይሆንም፣ በእንክብል ቢገባም ዓሣ ነው» አለች። የሰሊጥ ሊሆን ይችላል ብላት «ሊሆን በሚችል አይጾምም» አለች። የነፍስ አባታችን ዘንድ ወሰደችኝ። አባ ነገሩን ረጋ ብለው ሰሙና መድኃኒት መድኃኒት ነው፣ ይውጠው አሉ። ከዚያ እኔን ወደ ጎን ስበው፣ የእሳቸውም ድድ ይደማል፣ ዶክተሯ አርባ አንደኛ ትቀበል እንደሆነ እንድጠይቅ ነገሩኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ከዐብዲገኒ ጋር ምርመራ አካሄድን። የዓሣው ነው ወይስ የሰሊጡ? አንዱን እንክብል በመርፌ ወጋሁት። ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ሆን ብለው ነው። ዐብዲገኒን ቅመስ አልኩት።

«ዋርያ፣ ረመዳን ነው።»

«አሽትተው እንግዲያ።»

ዐይኑን ጨፍኖ ብዙ አሸተተ። «በርበራ ወደብ» አለ በመጨረሻ። በርበራ ሄዶ አያውቅም። ቢሆንም ዓሣ መሆኑን ደመደምን። ከዛሬ ጀምሮ የሠራዊቱ መመለስ ይሰማኛል። በቀኝ በኩል ስቦርሽ ደም የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ጫት ሻጯ አዴ ዴቃ ጋ ጎራ አልኩ። ትንሽ ብቻ። ለአንተ ያስቀመጥኩት ይደርቃል ስላለችኝ።

የኔነሽ ሸሚዜን ስታጥብ ከኪሱ ቅጠል አገኘች። «የኒም ቅጠል ነው፣ ለጥርስ ጥሩ ነው ብለውኝ» አልኳት። «ኒም» አለች። አሸተተችውና በመስኮት ጣለችው።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ዛሬ የለም። ማለት ከሰዓት በፊት የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

አራተኛ ሳምንት። ዶክተር ኑሀሚን በወረቀት ክር ከድዴ ሥር ፈሳሽ ቀዳች፤ ሞለኪውሎቹ የሚቆጠሩት ከዚህ ነው። መለኪያዋንም ሰደደች። ቀኙ ከአምስት ወደ ሦስት ወርዷል። ግራው ሰባት። እንዲያውም አንድ ቦታ ስምንት።

«ግራውን ይቦርሻሉ?»

«ከቀኙ አብልጬ።»

«በዚህ በኩል የተለየ ነገር ያደርጋሉ?»

«የምተኛው በግራ ነው» አልኳት። ያንኑ ጻፈች። የእኔን ቃል እንደ ሰማች፣ ሳትጠራጠር ጻፈችው።

መነጽሬን ረስቼ ከበሩ ስመለስ አዲስ አበባ ካለው አማካሪዋ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አንድ ተሳታፊ ሥዕሉን ያበላሽብኛል» ትላለች። «ቀኙ ሌላ ሰው፣ ግራው ሌላ ሰው ነው። ያለ ምክንያት ባወጣው ማጭበርበር ይሆናል። ባስቀምጠው ደግሞ ያልገባኝን ነገር ነው የምጽፈው።» የሚላትን ሰማችና «አይ፣ እሳቸው አይዋሹም» አለች። «ባቡር በደቂቃ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው።»

መነጽሬን ሳልወስድ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው በየኔነሽ መነጽር ነው።

አንድ ነገር ላስታውስ። አንድ ጊዜ የሸቀጥ ባቡር አርባ ደቂቃ ሲዘገይ አለቃዬ አሥር ብለህ ጻፍ ብሎኝ አርባ ብዬ ጽፌያለሁ። ለዚህም ደመወዜን ተቀጥቻለሁ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን «የምተኛው በግራ ነው»።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

መላ አገኘሁ። ልጅቷን መርዳት የምችለው ግራውን በማዳን ነው። ግራውን የሚያድነው ዓሣ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ልጨምርላት።

ሁለት ጣሳ ሳርዲን ገዛሁ። የት ልብላው? ቤት ሁዳዴ፣ ጎረቤት ረመዳን። በዚህ ከተማ በዚህ ወር በቀን ጣሳ የሚከፍት ሰው ብቸኛ ነው። ከአሮጌዎቹ ፉርጎዎች ጀርባ ሄጄ፣ በኔ ዕድሜ፣ ቁጢጥ ብዬ በላሁ። ሁለቱንም በግራ በኩል አላመጥኩ።

ማታ የኔነሽ አፍንጫዋን አዞረች። «ዓሣ ዓሣ ትላለህ።»

«መድኃኒቱ ነው። የዓሣው ቡድን መሆኔን አልነገርኩሽም?»

«ይህ መድኃኒት ቲማቲም ስጎ አለው» አለች፣ አገጬን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ኢድ አልፏል፤ ዛሬ ዐብዲገኒ ቤት ልምምድ ነበር። መጥፎ ነው። ከፍ ያለውን ድምፅ ስይዝ ጥርሱ ከሥሩ ይንሸራተታል፣ ክላርኔቱም እንደ ተረገጠ ድመት ይጮኻል። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። በሦስተኛው ዐብዲገኒ አኮርዲዮኑን አጠፈና «ሙቀት ነው፣ ሸምበቆ በሙቀት ይበላሻል» አለኝ። የዚህ ሰው ደግነት ያሳፍራል።

እጄን ልታጠብ ጓሮ ስገባ በመስኮት ለፋርሒያ ሲነግራት ሰማሁ። «ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ፈልጊ። ለጥንቃቄ ነው። ሣህሉ እንዳይሰማ።»

«አባ፣ ጋሽ ሣህሉ ይከፋቸዋል።»

«ለዚህ ነው እንዳይሰማ ያልኩሽ።»

እጄን ረጅም ጊዜ ታጠብኩ።

አልተከፋሁም። ለሙሽራ ኪቦርድ ጥሩ ነው። ብዙ ድምፅ አለው። ከበሮም አለው፣ ዋሽንትም አለው። ክላርኔትም አለው ይላሉ።

በመመለሻዬ አዴ ዴቃ ከሩቅ አየችኝና የኔን ድርሻ ከቅጠሉ ሥር አወጣች። እጄ ሄደ። ከዚያ መንገድ ዳር ባለ የባጃጅ መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ። ምንም ሳልይዝም ግራ ጉንጬ የቀኙን አንድ ተኩል ያህላል። ለሃያ ዓመት የተነፋ ፊኛ። ዶክተሯ ይህንን ቀና ብላ ያላየችው አፌ ውስጥ ስለምታይ ብቻ ነው።

«ዛሬ አልወስድም» አልኳት።

አዴ ዴቃ «አሞሃል?» አለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

አልቃምኩም። ራሴን ያመኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

አልቃምኩም። ተኛሁ። ነቃሁ። ከየኔነሽ ጋር ስለ ጨው ተጣላሁ። ተኛሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 28

የኔነሽ ሻይ አቀረበችልኝና «ሦስተኛ ቀንህ ነው» አለች።

«የምኑ?»

«የኒሙ።»

ሃያ ሦስት ዓመት ሲቀመጥ የኖረ ምስጢር ይህ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ መጠይቁን፣ ስልኩን፣ ሳርዲኑን። ሳርዲኑ ላይ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወችና፦ «እኔን ስትዋሸኝ እኔ አውቃለሁ፤ ምንም አይደለም። ያቺ ልጅ ግን አታውቅም» አለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ልነግራት ለባብሼ ወጣሁ። ሌሊቱን ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ የደቻቱ ወንዝ ሞልቷል። ሕዝቡ ዳር ቆሞ ያያል። መሻገሪያው ተዘግቷል ብዬ ተመለስኩ።

«ድልድዩስ?» አለች የኔነሽ።

«እሱ ሩቅ ነው።»

«እኔ ገበያ ደርሼ የመጣሁት በእሱ ነው» አለችና ድንቹን መላጥ ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

በድልድዩ ሄድኩ።

ዶክተር ኑሀሚን ብቻዋን ነበረች፤ ኮምፒውተሯ ላይ የአርባ ሰው ነጥብ ተበትኗል። አንዱን ነጥብ አሳየችኝ፤ ከሌሎቹ ርቆ ላይ ላይ የቆመ። «ይሄ እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ሣህሉ። ግራዎ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሣኝ።»

ለመዋሸት ሦስት ቃል በቅቶኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። በየቀኑ እንደምቅም፣ ሁልጊዜ በግራ እንደምይዘው፣ በስኳር ሻይ እንደማወራርደው፣ ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመት እንደሆነኝ። ሳርዲኑንም።

ኮምፒውተሯን ዘጋች። መልሳ ከፈተችው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ። አንቺ ፊት አፍሬ።»

«እኔ እኮ የጠየቅሁዎት ልፈርድብዎት አልነበረም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ተናድጃለሁ፣ ጋሽ ሣህሉ። አሁን ከተናገርኩ የማልፈልገውን እናገራለሁ። ነገ ይምጡ።»

እንድትጮህብኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ሄድኩ። ከአማካሪዋ ጋር ተነጋግራለች። እኔ ከጥናቱ ወጥቻለሁ። የባሰው ግን አማካሪዋ «አንድ ሰው ከዋሸ ሌሎቹስ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ሁሉንም እንደገና መጠየቅ አለባት፤ ዘንድሮ የምታስረክበው ጥናት ወደ ከርሞ ተላለፈ። ይህንን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን ወለሉን አየሁ።

ከወጣሁ ዘንዳ ማወቅ እችላለሁና የእንክብሉን ነገር ጠየቅኋት። ማን የቱን እንደሚውጥ የተጻፈበትን ዝርዝር ከያዘው ሰው አጣርታለች።

«ሰሊጥ» አለችኝ።

«ሰሊጥ?»

«ንጹህ የሰሊጥ ዘይት።»

«ታዲያ ቀኙ እንዴት ዳነ?»

«ስላጸዳሁት። እርስዎም ስለቦረሹት። ቅጠሉም ስለማይደርስበት ይመስለኛል።»

«ሳርዲኑስ?»

መጀመሪያ አፏን በእጇ ከደነች። ከዚያ መከደኑ አልበቃ ብሏት ሳቀች። «ሁለት ጣሳ ሳርዲን ሠራዊት አይመልስም፣ ጋሽ ሣህሉ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ለዚያውም በግራ ተላምጦ።» የዓሣ ዘይቱ በሌሎቹ ላይ ምን እንዳደረገ ጠየቅኋት። እውነተኛ መልስ እስካላገኘች አታውቅም፤ የማታውቀውን ደግሞ አትናገርም። ከዚህች ልጅ ጋር አንድ ጣቢያ ብንሠራ ደስ ባለኝ።

የሚነቃነቀውን ጥርሴን ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ ከኋላ በኩል አሰረችልኝ። ይቆይ አይቆይ ቃል አልገባም አለች። ክላርኔት? ተደግፎበት ከሆነ የለም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ፤ ሥጋውን በቀኝ በላሁ። አሁን ሌላ ነገር እየሞከርኩ ነው። የላይኛውን ከንፈሬን በጥርሴ ላይ አጥፌ፣ መሣሪያውን ጥርስ ሳይነካ በሁለት ከንፈር ብቻ መያዝ። ከንፈር በአሥር ደቂቃ ይዝላል። ድምፁ ያንሳል። ግን አይጮኽም። የኔነሽ ከወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። የምትሰማ አትመስልም፣ አፌን ነበር የምታየው፤ ማታ ግን ትራሷ ወደ አልጋው መካከል መጥቷል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ትናንት ሠርጉ ሆነ።

ከመጀመሩ በፊት ዐብዲገኒን ለብቻው ያዝኩት። «ከአሥር ደቂቃ በላይ አልችልም። ሙሽራዋ ስትገባ ያለውን ልንፋ፤ የቀረውን ኪቦርዱ ይጫወት» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ኪቦርዱን ማን ነገረህ?»

«መስኮታችሁ።»

«ወላሂ፣ ሣህሉ...»

«አቦ ተወው። እኔም ብሆን እጠራ ነበር።»

ፋርሒያ ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ ስትታይ ጀመርኩ። አዳራሹ ጩኸት ነበር፤ እኔ ደግሞ ማነስ እንጂ መጮኽ አልችልም። የፊተኛው ረድፍ ለመስማት ዝም አለ፤ ከዚያ ከኋላው ያለው። ዐብዲገኒ አኮርዲዮኑን ከእኔ በታች ዝቅ አድርጎ ያዘ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ከእኔ ዝቅ ብሎ ሲጫወት የመጀመሪያው ነው። ፋርሒያ በዝግታ መጣች። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች፤ መቆም አልነበረባትም፣ እናቷ ከኋላ ገፋ አደረገቻት፣ እሷ ግን ዜማው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከንፈሬ ሲዝል ትንፋሼ ነበረ፤ ትንፋሼ ሲያልቅ ዜማው አለቀ። እልልታው ሲነሣ ክላርኔቱን ከአፌ አውርጄ ጥርሴን በምላሴ ነካሁት። አለ።

የቀረውን ኪቦርዱ አሳመረው። እሱንም ልንገር፤ እውነት ነው፣ አሳመረው።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ጫቱ መጣ። የኔ ድርሻ እፊቴ ተቀመጠ። በዘመኔ ጫትን እንዲህ ረጅም ጊዜ አይቼው አላውቅም። አልነካሁትም፤ ዛሬም አልቃምኩም፤ ነገ እንጃ። ሃያ አምስት ቀን ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ዶክተር ኑሀሚን ደወለችልኝ። ዳግም መጠይቁን ጀምራለች፤ አራት ሰው ጠይቃ አራቱም «ጫት? በፍጹም» ብለዋታል። ከአራቱ አንዱ ይህን ሲል አፉ አረንጓዴ ነበር አለች። «ይምጡና አጠገቤ ይቀመጡ፤ የተሳታፊዎቹን ፈቃድ ጠይቄያለሁ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። አምስተኛው ከቢዮ አዋሌ የመጣ፣ በኔ ዕድሜ ያለ፣ ሽርጡን በጥንቃቄ የሰበሰበ ሰው ነው። ዶክተሯ ጠየቀችው። ሰውየው ጣሪያውን አየ። «ድሮ ነበር» አለ። «ትቼዋለሁ።»

ዶክተሯ ብዕሯን አነሣች። እኔ እጄን ወረቀቱ ላይ አደረግሁ።

«እኔም እንዲሁ ብያት ነበር» አልኩት። «ያልኳትም የጫቱ ፌስታል ኪሴ ውስጥ ሆኖ ነው። የሷን አንድ ዓመት በላሁ።» ከዚያ የቀረውን ነገርኩት፤ ሳርዲኑን ስደርስ ሳቀ፣ ሲስቅም ግራ ጉንጩ ከቀኙ ዘግይቶ ተመለሰ።

ዶክተሯን አየ፣ እኔን አየ። እሷ ወረቀቱን ወደሱ አዞረችና ብዕሩን ሰጠችው።

«የትናንቱም ይቆጠራል?» አለኝ በዝግታ።

«ይቆጠራል» አልኩት።

ጻፈ።